«ጋሼ» ተብሎ የተላከው ሊንክ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ እንደሰፈረው
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ በአንድ አነስተኛ የካርቶን ፋብሪካ የሰነድና የጽሕፈት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከሥሩ ፋርማሲ ያለበት ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ከአቤቱታ አቅራቢው ጋር ያላት ዝምድና፦ ታናሽ እህቱ
ከተጠርጣሪው ጋር፦ ዝምድና የላቸውም፤ ለሰባት ዓመት አብረው ሠርተዋል
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ እግር የመጣሁ ስሆን፣ ቃሌን የምሰጠው ማክሰኞ ስለተያዘው የፋብሪካችን የማሽን ባለሙያ ነው። ሰውየው የታሰረው በማያውቀው ነገር ነው። ያሳሰርኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው እናገራለሁ።

ፋብሪካችን አሮጌ ወረቀት አቡክቶ እንቁላል የሚደረደርበትን ካርቶን ያመርታል። ባለቤቱ ታላቅ ወንድሜ ነው። ማሽኑን የፈጠረው ግን ይኸው የታሰረው ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን ንድፍ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ በጠመኔ ሲስል ጠመኔ አቀባይዋ እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ሁለተኛ ማሽን ለመትከል ባለሀብቶች ሲያፈላልግ፣ የማሽኑ ንድፍ ገጽ ዘጠኝ ላይ ያለበትን የሥራ እቅድ የማዘጋጀውም የምልከውም እኔ ነኝ። ቀደም ሲል ፋይሉን ከኢሜይል ጋር አያይዤ እልክ ነበር። አንድ ቀን ጨርሶ ያልላክንለት ሰው ደውሎ «እቅዳችሁን አየሁት፤ ገጽ አራት ላይ ፊደል ገድፋችኋል» አለን። ማን እንደሰጠው እስከ ዛሬ አላወቅንም። ከዚያ ወዲህ ፋይል ማያያዙ ቀርቶ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ሊንክ መላክ ጀመርን። ሊንኩ ሲከፈት ስልኬ ላይ መልእክት ይመጣል፤ የትኛው ገጽ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆዩም ያሳያል። ሰነዱ ከታተመ ደግሞ እኔ ለሊንኩ ያወጣሁለት ስም በየገጹ ግርጌ አብሮ ይታተማል።

አልዋሽም፣ ይህ ነገር ዕረፍት ነስቶኛል። ምሳ ላይ ሆኜ ስልኬ ሲነዝር ማንኪያዬን እጥላለሁ። ስለ አንዷ ባለሀብት «ዶክተሯ ገጽ ሁለት ላይ ናት!» ብዬ ስጮህ ወንድሜ ከቢሮው ሆኖ «ምነው፣ እዚያው አደረች እንዴ? ሦስት ላይ አትደርስም?» ይለኛል። ሁለታችንም ሰው ሲያነብ በበር ቀዳዳ የምናይ ሆነን ቀርተናል።

ወንድሜ በየሊንኩ ላይ ሙሉ ስምና የድርጅት ስም እንድጽፍ አስጠንቅቆኝ ነበር። እኔ ግን በአፌ የምጠራቸውን ጻፍኩ፤ «ዶክተሯ»፣ «መንትዮቹ»፣ «ጋሼ» እያልኩ። «ጋሼ» ያልኳቸው የጭነት መኪናዎች ያሏቸው፣ በዕድሜ የገፉ ባለሀብት ናቸው። ሲደውሉ «ልጄ» ይሉኛል፤ እኔም በስማቸው መጥራቱ ድፍረት ስለሚመስለኝ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። «ዓይኔ ስክሪን አልችል አለ፣ በወረቀት ልየው እስቲ» ስላሉኝም ማተም እንዲቻል የፈቀድኩት በእሳቸው ሊንክ ላይ ብቻ ነው።

ችግሩ በፋብሪካችን ጋሼ ሌላ መሆኑ ነው። የማሽን ባለሙያውን ከወንድሜ ጀምሮ እስከ ጥበቃው ድረስ ጋሼ ነው የምንለው። ሌላ ስም እንዳለው ራሱም የሚያስታውሰው መታወቂያ ሲያሳድስ ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ እኔ ልጄን ሐኪም ቤት ወስጄ ሳለሁ፣ አንድ የምናውቀው ብረት ሠሪ ለወንድሜ ደወለ። የማያውቀው ሰው የማሽናችንን ንድፍ ይዞ «ይህን ሥራልኝ» ብሎት እንደነበር፣ ወረቀቱ ላይ ገጽ ዘጠኝ የሚል ቁጥር፣ ከግርጌው ደግሞ «ጋሼ» የሚል ጽሑፍ እንዳየ ነገረው። ወንድሜ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ከማሽን ባለሙያው ጋር በፈረቃ ጉዳይ ተጣልተው፣ ሰውየው በሠራተኛ ፊት «ይህን ማሽን ዓይኔን ጨፍኜ ለሌላ ሰው እሠራዋለሁ!» ብሎት ነበር። ይህንን ከዚያ ጋር አገናኝቶ አቤቱታውን ይዞ ወደዚህ ጣቢያ መጣ። ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡00 ላይ የማሽን ባለሙያው ከነቱታው ተወሰደ።

እኔ ገብቼ ወሬውን ስሰማ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ቀኑን ሙሉ ስቀመጥ ስነሳ፣ ያልተዘጋ በር ስዘጋ ስከፍት ዋልኩ። የማሽን ባለሙያው ሚስት ብርድ ልብስ አቅፋ ከፋብሪካው በር ላይ «ልጄ፣ ምን አደረገ ይላሉ?» ስትለኝ «አይ እትዬ፣ ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመጣል» ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ትናንት ረቡዕ ከጠዋቱ 4፡10 ላይ ስልኬ ነዘረ። «ጋሼ ሰነዱን ከፍቷል» ይላል። ጥቂት ቆይቶ «ገጽ 9፣ 11 ደቂቃ» አለኝ። የማሽን ባለሙያው በዚያ ሰዓት እናንተ ዘንድ ነው። የእሱ ስልክ በላስቲክ የታሰረ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ እሱም ቢሆን በእናንተ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሳላንኳኳ ወንድሜ ቢሮ ገባሁ።

«ጋሼ ገጽ ዘጠኝ ላይ ነው» አልኩት።

«የት ሆኖ?» አለኝ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

«እኔስ ምን እያልኩህ ነው!»

ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ ፊቱ አመድ መሰለ። ባለሀብቱ ነገ አርብ ለመፈረም ቀጠሮ ይዘዋል፤ ካነጋገርናቸው ሁሉ እስከዚህ የዘለቁትም እሳቸው ብቻ ናቸው። ወንድሜ በሩን ዘግቶ «ስሚኝ፣ አርብ ይፈርማሉ። ጋሼ ሁለት ቀን ቢቀመጥ ምን ይሆናል? ሲወጣ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» አለኝ።

«እስቲ አንተ ሁለት ቀን ተቀመጥና እንይህ» አልኩት።

«ደግሞ አፍ አወጣሽ? ያበላሸሽው አንቺ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በሩን ከፍቼ ወጣሁ፤ ቀኑም በዚሁ መሸ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ወጥቼ ከመንገድ ወደዚህ ታጠፍኩ። ተራዬን ስጠብቅ የማሽን ባለሙያው በፖሊስ ታጅቦ በኮሪደሩ ሲያልፍ አየኝ። ይሰድበኛል ብዬ አንገቴን ስደፋ «ፓምፑን ያለ ውሃ እንዳታስነሱት፣ ይቃጠላል» ብሎኝ አለፈ። እሱ ከተወሰደ ወዲህ ማሽኑን የነካ ሰው የለም።

«ጋሼ» የተባለው ሊንክ የተላከበትን የኢሜይል አድራሻ፣ ቀኑንና የተከፈተባቸውን ሰዓታት የሚያሳየውን መዝገብ በአራት ገጽ አትሜ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። ለማሽን ባለሙያው ምንም ዓይነት ሊንክ ተልኮለት አያውቅም። ባለሀብቱ ንድፉን ራሳቸው ይስጡት፣ ወይስ ሌላ ሰው ከጠረጴዛቸው ላይ ያንሳው፣ አላውቅም፤ በማላውቀው አልመሰክርም። በወረቀቱ ግርጌ ያለው ጋሼ እሳቸው መሆናቸውን ግን አውቃለሁ።

ቃሌ ሲነበብልኝ መርማሪው ሁለቱንም ሰዎች በብዙ ቦታ «ጋሼ» ብለው ጽፈው ስላገኘሁት፣ አንዱ «የማሽን ባለሙያው»፣ ሌላው «ባለሀብቱ» ተብለው እንዲለዩ ጠይቄ ተስተካክሏል። ከዚህ ውጭ የሚጨመርም የሚቀነስም የለኝም። የተናገርኩት ማንም ሳያስገድደኝና ሳይመክረኝ ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት እንደምጠየቅ ተነግሮኝ ተረድቻለሁ። ይህን ቃል ስሰጥ ወንድሜ አምስት ጊዜ ደውሏል፤ አላነሳሁም። ከፈረምኩ በኋላ እኔው እደውልለታለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________