አንጓች ከቅጥሩ ውጪ የቆመች ዕለት

(ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ፤ ሚስታቸው የሞተችባቸው ገበሬ አያ ባይነሳኝ ግቢያቸው ውስጥ ሞፈር ይጠርባሉ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው የአንጓች አስተማሪ ዝናሽ በሩ ላይ ቆማ ትሟገታቸዋለች።)

ባይነሳኝ፦ አልኩሽ እኮ! ልጅቷን አሟታል፣ ተኝታለች። ነገ ደግሞ ሠርጓ ነው፤ ከእንግዲህ የናንተ ተማሪ አይደለችም። በቃ፣ በመጣሽበት ተመለሽ።

ዝናሽ፦ አያ ባይነሳኝ፣ አንዴ ዓይኗን ልየውና እመለሳለሁ። ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት ቀረች። ለአያ ፈንቴ ልትዳር ነው ሲሉኝ ሮጬ መጣሁ። አያ ፈንቴ እኮ የእርስዎ እኩያ ናቸው!

ባይነሳኝ፦ እኩያዬ ቢሆንስ? የወንዙ ማዶ ሰው ነው፣ ጉዷን አልሰማም። እንኳን እንውሰዳት አሉኝ! ሆዷ ሳይገፋ ከቤቴ ትውጣልኝ።

ዝናሽ፦ የምን ሆድ?

ባይነሳኝ፦ አገር ያየውን አንቺ አላየሽም? እሑድ ዕለት ልጄ፣ ያልተዳረችዋ ልጄ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ከባለትዳሮቹ ጋር ቆማ አስቀደሰች! ሴት ደም ካልመጣባት ከቅጥር ውጪ ምን ትሠራለች? ደሙስ ወንድ ካልነካት ከየት ይመጣል?

ዝናሽ፦ ወይኔ! በዚህ ነው?

ባይነሳኝ፦ በዚህ ነው ትለኛለች ደግሞ! ቄሱ እንኳ ሰላም ሳይሉኝ አለፉ። በዚህ ዕድሜዬ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ዝናሽ፦ ጥፋቱ የኔ ነው አያ። ባለፈው ሳምንት ዓርብ ክፍል ውስጥ ደሙ መጣባት። ቀሚሷን አይታ የምትሞት መስሏት ጮኸች። ወስጄ አጠብኳት፣ ንጹሕ ጨርቅ ሰጠኋት። እንዴት እንደሚታጠፍ፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚቀየር፣ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ አሳየኋት። ልትወጣ ስትል «እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድስ?» አለችኝ። «እንደ ትልልቆቹ ሴቶች አድርጊ» አልኳት። የሰው ዓይን ትዝም አላለኝ።

ባይነሳኝ፦ አንቺ ነሻ ያዋረድሽኝ! እኔ ፊደል ትቁጠር ብዬ ብልካት እንዲህ ያለ ነውር ታስተምሪልኛለሽ?

ዝናሽ፦ ፊደሉንም ትቆጥራለች፣ ገላዋንም ታውቃለች። ማን ይንገራት? እናት የላት። እርስዎ ይነግሯታል?

ባይነሳኝ፦ እኔ? እኔ ወንዱ? ምን ነካሽ አንቺ!

ዝናሽ፦ እንግዲያው ካፈሩ ፊቴን አይዩኝ፤ ሞፈርዎን እየጠረቡ ይስሙኝ። ሴት ልጅ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ቁመቷ ይመዘዛል፣ ጡቷ ያጎጠጉጣል፣ ፊቷ ላይ ብጉር ይወጣል። ደሙም በየወሩ ይመጣል። ሆዷን ይቆርጣታል፣ ወገቧን ያማታል፣ በጥቂት ቀን ይተዋታል። በሽታ አይደለም፣ ነውርም አይደለም። ወንድ ባይነካትም ይመጣል። ገዳም ብትዘጋም ይመጣል።

ባይነሳኝ፦ ውሸት! ሚስቴ ጥሩነሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ደም ያየችው እኔ ቤት ከገባች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጠብ አላላትም። አንቺ የትናንቷ ልጅ እኔን ልታስተምሪኝ?

ዝናሽ፦ ስንት ዓመቷ ነበር ሲያመጡልዎት?

ባይነሳኝ፦ እኔ እንጃ። አሥር… አሥራ አንድ ቢሆናት ነው።

ዝናሽ፦ ደሙስ መቼ መጣ?

ባይነሳኝ፦ በሁለተኛው ክረምት።

ዝናሽ፦ እናቷ ቤት ብትቀመጥም በዚያው ክረምት ታይ ነበር። ዕድሜዋ ደርሶ እንጂ እርስዎ አምጥተውባት አይደለም። ሴቱ ሁሉ በልጅነቱ ስለሚዳር ደሙን ባል ያመጣው ይመስላችኋል።

ባይነሳኝ፦ ያኔ በረት ገብታ ከከብቶቹ ጋር ተኛች። ሦስት ቀን። ምን ሆንሽ ስላት ማልቀስ ብቻ። ታመመች ብዬ ጠበል ወሰድኳት፤ ሴቶቹ በሩ ላይ ተንሾካሹከው መለሷት። ለምን እንደመለሷት ለእኔ የነገረኝ የለም። ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ዝናሽ፦ የምትሞት መስሏት ነበር። ልክ እንደ አንጓች።

ባይነሳኝ፦ ተይ በቃ! አታስለቅሺኝ።

ዝናሽ፦ ዘንድሮ ባቄላ ዘርተዋል?

ባይነሳኝ፦ ባቄላ ምን አመጣው እዚህ? ዘርቻለሁ።

ዝናሽ፦ ባቄላው የሚያብበው ንብ ስላረፈበት ነው?

ባይነሳኝ፦ ቂል መሰልኩሽ? ንቡ የሚመጣው ካበበ በኋላ ነው።

ዝናሽ፦ አንጓችም ማንም ሳይነካት ነው ያበበችው።

ባይነሳኝ፦ እሺ፣ ይሁንልሽ። አበበች አይደል? ደርሳለች ማለት ነው፤ ትዳር!

ዝናሽ፦ ያበበ ባቄላ ያጭዳሉ እርስዎ?

ባይነሳኝ፦ አላጭድም። ፍሬ ሳይዝ ምን ላገኝበት?

ዝናሽ፦ ጥሩነሽስ በምን ሞተች?

ባይነሳኝ፦ እሱን አታንሺብኝ! በወሊድ ነው። አንጓችን በደኅና ተገላገለች፤ በሁለተኛው ልጅ ሦስት ቀን አምጣ ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈ። አሥራ ስምንት አይሞላትም ነበር ይላሉ።

ዝናሽ፦ አንጓች አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አጥንቷ ገና አልጠናም።

ባይነሳኝ፦ ማርያምን በይኝ። ወንድ አልነካትም?

ዝናሽ፦ ማርያምን! እንደ ማንኛዋም ልጅ ጊዜዋ ደርሶ ነው። ወንድ የሚባል ነገር አሳቧም አይደለም።

ባይነሳኝ፦ እኔ እኮ… የወንዱን ስም አምጪ እያልኩ ሦስት ቀን በአለንጋ ገረፍኳት። «አላውቅም አባዬ፣ ዝም ብሎ መጣ» ስትለኝ ድርቅናዋ ነው ብዬ ጨመርኩባት። ይቺ እጄ ትቆረጥ!

ዝናሽ፦ አሁን ይጥሯት። እርስዎ እየሰሙ እነግራታለሁ። ሠርጉ ነገ ነው፣ ገና ጊዜ አለን። ለአያ ፈንቴም ሰው እንልካለን።

ባይነሳኝ፦ የለችም።

ዝናሽ፦ ምን ማለት ነው የለችም? ተኝታለች አላሉኝም?

ባይነሳኝ፦ ዋሸሁሽ። ትናንት አስተማሪዋ ቀበሌ ሄዳ ከሰሰችህ አሉኝ። ጋብቻውን ሳያስጥሉኝ ብዬ ድግሱን ተውኩት። ዛሬ ጎህ ሲቀድ የፈንቴ ሰዎች በበቅሎ ወሰዷት። ዛሬውኑ ቤቱ ያስገባታል።

ዝናሽ፦ የፈጣሪ ያለህ! አላለቀሰችም? ምንም አላለችም?

ባይነሳኝ፦ እንዲሁ ዞራ ዞራ ታየኝ ነበር።

ዝናሽ፦ ይነሱ! ከተማ ወርደን ለፖሊስ እንናገር።

ባይነሳኝ፦ ፖሊስ እስኪመጣ ይመሻል። እኔ በገደሉ በኩል ባቋርጥ ፀሐይ ሳትጠልቅ እደርሳለሁ። ግቢና ጠመንጃዬን ከግድግዳው ላይ አውርጂልኝ።

ዝናሽ፦ ኧረ ስለ እግዚአብሔር! የምን ጠመንጃ? ሽማግሌ ይዘን ሄደን እንለምናቸው።

ባይነሳኝ፦ በሽማግሌ ፊት ምዬ ነው የሰጠኋቸው፤ ባዶ እጄን ከሄድኩ ልጄን አይመልሱልኝም።