የውጭኛው መስመር

የተከበራችሁ ቤተሰቦቻችን፣ ጎረቤቶቻችን፣ የእህቴ የሥራ ባልደረቦች፣ መምህሮቼ፣ ጉዳያችሁን ጥላችሁ ከጎናችን የቆማችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን።

አባዬ ልናገር ብሎ ተነሥቶ ነበር፤ አልቻለም። እማዬን ማንም ሊጠይቃት አልደፈረም። ስለዚህ እኔ ልናገር ነው። ታናሽ ወንድሟ ነኝ። ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን የማላወጣ ልጅ ነኝ፤ መምህሮቼ ይመሰክራሉ። ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሡኝ።

እህቴ ልብስ ስትለካኝ ሁልጊዜ የምትለው ነገር ነበራት። "ቀጥ በል። ተንፍስ።" ሰው ሲለካ ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል። ትንፋሽ ተይዞ የተለካ ልብስ ደግሞ ሲለበስ ያንቃል። ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ደረቴን መታ መታ ታደርገኝና፣ "ቀጥ በል። ተንፍስ" ትለኛለች። አሁን እዚህ ስቆም የሰማሁት እሱን ነው።

አንዳንዶቻችሁ የምታውቋት ከምትሠራበት መነጽር ቤት ነው። ሰፈር ውስጥ ግን "ወረቀቷ" ነው የምትባለው። ስሙን ያወጡላት የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። ጋሼ፣ እዚያ ጥግ ቆመው አያቸዋለሁ። ጋሼ በዓይናቸው ለክተው የሚቆርጡ ሰው ናቸው። እሷ ደግሞ ያለ ፓተርን መቀስ አታነሣም። ፓተርን ለማታውቁ፣ በፖስታ ታሽጎ የሚሸጥ ወረቀት ነው። የልብሱ ፊት፣ ጀርባው፣ እጅጌው፣ ኮሌታው ለየብቻ ታትሞበታል። እሱን ጨርቅ ላይ ገልብጦ መቁረጥ፣ ከዚያ መስፋት ነው። ቤታችን በዚህ ወረቀት ተሞልቶ ነበር። ሶፋው ላይ ለመቀመጥ መጀመሪያ ቀሚስ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ያውም ገና ያልተሰፋ ቀሚስ።

ጋሼ በሱቃቸው በር ስታልፍ ዝም አይሏትም። "ወረቀቷ! ዛሬስ ወረቀቱ ምን አለሽ?"

"ከእርስዎ ተጠንቀቂ አለኝ።"

"እኔ በዓይኔ ለክቼ ስንቱን ያለበስኩ ሰው ነኝ!"

"ለዚህ አይደል እንዴ ጋሼ፣ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሱሪው አንድ ዓይነት የሆነው?"

ማን ነው ጋሼን እንዲህ ብሎ በሰላም የሚያልፍ? እሷ ብቻ ናት። እሳቸውም ስቀው ሲያበቁ፣ ለሷ ብለው ያስቀመጡትን ቁራጭ ገበር አምጥተው ይሰጧታል።

የመጀመሪያ ቀሚሷን የምታስታውሱ አላችሁ? ሰማያዊዋን? ወረቀቱ ላይ ለስፌት የሚተወው ቦታ አስቀድሞ ተቆጥሮ ገብቷል። ከጀርባው ተጽፏል። እሷ ግን ሥዕሉን አይታ ቸኮለች፤ ጽሑፉን አላነበበችም። በዙሪያው በሙሉ የራሷን አንድ አውራ ጣት ስፋት ጨመረችበት። ሰፍታ ጨርሳ፣ ለብሳ ከክፍሏ ወጣች። አባዬ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አያትና፣ "በጣም ቆንጆ ነው። ሌላዋ ልጅ መቼ ነው የምትገባው?" አላት። እማዬ ከወጥ ቤት እየሳቀች መጣች። እኔ ቀሚሱ ውስጥ ገባሁ። እውነቴን ነው፣ ከኋላዋ ገባሁ፤ ሁለታችንም በቃን። እሷ ግን አላፈረችም። "ሳቁ፣ ሳቁ። የሰፋውን ማጥበብ ይቻላል። ጠቦ ቢሆን ኖሮ ጨርቁን ከየት አመጣ ነበር?" አለች።

ከዚያ ወዲህ የሠራችው ሁሉ ትንሽ ይሰፋል። በስሕተት አይደለም። አውቃ ነው።

የመነጽር ቤት ልጆች፣ የእጅጌዋን ነገር እናንተ ናችሁ የነገራችሁኝ። ግራና ቀኙን አዟዙራ የገጠመችውን ሸሚዝ ለብሳ ሥራ ገባች። ቀኑን ሙሉ ማንም ልብ አላለም። አንዲት እናት አዲሱን መነጽራቸውን አደረጉና ቀና ሲሉ፣ "የኔ ልጅ፣ እጅጌሽ ተዟዙሯል እኮ!" አሏት። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? ወደናንተ ዞራ፣ "እናታችን አጥርተው እያዩ ነው፤ መነጽሩን ጠቅልሉላቸው!" አለች። ማታ እቤት መጥታ፣ የሸሚዙን እጅጌ እየፈታች፣ ያንን ስትነግረን እንባዋ እስኪመጣ ትስቅ ነበር። ያ ሳቅ የት ሄደ? እስቲ ንገሩኝ፣ እንዲህ ዓይነት ሳቅ የት ነው የሚሄደው?

አሁን የምነግራችሁን ጠንክሬ ልንገራችሁ።

ፓተርን ላይ አንድ መስመር ብቻ አይደለም ያለው። መስመር በመስመር ውስጥ ነው። የውስጠኛው ለቀጭን፣ የውጭኛው ለወፍራም። ልክህን ትመርጥና የራስህን መስመር ይዘህ ትቆርጣለህ። ሌላው ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው። እህቴ ግን ወረቀቱን ቆርጣው አታውቅም። ትልቁ መስኮታችን መስታወት ላይ ትለጥፈዋለች፣ በላዩ ስስ ወረቀት ትደርባለች፣ በብርሃኑ ትገለብጠዋለች። የሚይዝላት እኔ ነኝ። ክንዴ ይዝላል፣ እነጫነጫለሁ። "ለምን አንቆርጠውም? ቢቆረጥ ምን ይሆናል?"

"የውስጡን ከቆረጥኩ የውጩ ይጠፋል፣ ጩጬ። ነገ ስትገዝፍ ምን ልትለብስ ነው?"

ከዚያ ታመመች። የደም ካንሰር ነው። እንዴት እንደነበረች አይታችኋል፣ እሱን አልነግራችሁም። ሰውነቷ ከመስመር ወደ መስመር ወደ ውስጥ ገባ። ልብሷ ሁሉ ያኔ አባዬ እንደሳቀበት ቀሚስ ሆነ፤ አሁን ግን የሚስቅ አልነበረም። ወደ ሥራ ስትመለስ የምትለብሰው ቀሚስ ልትሰፋ ፈለገች፤ አረንጓዴ። ጋሼ ሰምተው ሜትራቸውን ይዘው መጡ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። "ነይ ልለካሽ፣ ወረቀቷ። ዛሬ እንኳ እሺ በይኝ" አሏት።

"አይለኩት ጋሼ። ይሄ ሰውነት የኔ አይደለም፤ ለጊዜው ነው።"

ጋሼ ሜትሩን ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት። እሷ ወደኔ ዞራ፣ "መስታወቱ ላይ ለጥፈው" አለችኝ። የድሮ መስመሯን በጣቷ አሳየችኝ። የጤናዋን መስመር። እሷ መቆም ስላልቻለች እኔ ገለበጥኩት፤ መስመሩን በሳትኩ ቁጥር ከአልጋው ላይ፣ "ቀጥ በል። ተንፍስ" ትለኛለች። እኔን! እሷ ትንፋሽ አጥሯት፣ እኔን ተንፍስ ትለኛለች!

ቀሚሱን ጨረሰችው። የታችኛውን እጥፋት ትራስ ተደግፋ በእጇ ሰፋችው። አንድም ቀን አልለበሰችውም።

ትናንት ለበሰችው። እማዬና አክስታችን ናቸው ያለበሷት። ሰፋት። ትከሻው ወደ ታች ወረደ፣ ወገቡ ተከፍቶ ቀረ። አክስቴ ስፒል አመጣች፤ ከጀርባዋ ሰብሰብ አድርጋ ልትይዘው፣ እንዲያምርባት ብላ ነው። እማዬ እጇን ያዘቻት።

"ተይው። ልኳ ነው።"

"እህቴ፣ ሰፍቷት እኮ ነው—"

"ልኳ ነው አልኩሽ! ራሷ ናት የቆረጠችው።"

አዎ። ልኳ ነው። አሁን አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ነው ያለችው። ምንም ስፒል የለበትም።

ይህን የለበስኩትን ኮት ደግሞ እያያችሁት ነው። አንዳንዶቻችሁ በር ላይ፣ "የአባትህ ነው?" ብላችሁኛል። የአባዬ አይደለም፤ የኔ ነው። የመጨረሻ ሥራዋ ነው። ያኔም መስታወቱ ላይ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከኔ መስመር ሁለት አልፋ የውጭኛውን ስትመርጥ፣ "እታለም፣ እኔ እኮ እዚህ ነኝ" አልኳት፤ የኔን እያሳየኋት። "ዛሬ እዚያ ነህ" አለችኝ። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፋ በነጭ ክር ወሰወሰችው። "ክንድህ ሲደርስ ክሩን ራስህ ትመዘዋለህ። ጋሼ በመቀስ እንዳይነኩት" አለች። ያን ጊዜም በጋሼ መቀለዷን አልተወችም።

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ትከሻዬን አይተው፣ "ና የኔ ልጅ፣ ፈጠን ብዬ ላስተካክልልህ፤ ሰው ፊት ነው የምትቆመው" አሉኝ። እምቢ አልኳቸው። ምን እንዳለችኝ ስነግራቸው ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ። ጋሼ፣ ይቅርታ። እርስዎን ላሳዝን ብዬ አይደለም። ግን እኮ ልኬ ነው።

እታለም።

ሁለት ሰፋፊ ልብስ ሠራሽ። አንዱን ላንቺ፣ አንዱን ለኔ። ሁለቱንም ገና ለሚመጣ ሰው ነው የሠራሻቸው። ስትድኚ ለምትመጪው አንቺ። ሳድግ ለምመጣው እኔ። ያንቺዋ ሳትመጣ ቀረች። በር በሩን እያየን ጠበቅናት፤ አልመጣችም። እንዴት ነው እኔ ብቻዬን የምመጣው? እንዴት ነው ይሄ ትከሻ እየሞላ፣ ሞላልህ የምትለኝ እህት የማትኖረው?

ወረቀቶችሽን አንቆርጣቸውም። እማዬ ሶፋው ላይ እንዳሉ ትታቸዋለች። እኛ መሬት እንቀመጣለን።

ክሩን አልነካውም፣ እታለም። ክንዴ ገና ነው። የደረሰ ቀን መጥቼ እዚሁ አጠገብሽ ቆሜ እመዘዋለሁ።

እስከዚያ ድረስ በቀሚስሽ እረፊ። ልክሽ ነው።

ደህና ሁኚልኝ። ይኸው ቀጥ ብያለሁ። እየተነፈስኩ ነው።