ከሱፍ በታች ያለው ቡት ጫማ፤ የአቶ ቸሩ ማስተዋል ዜና ሕይወት

ካህናት አባቶች፣ የሰፈር ሽማግሎች፣ ከደንቢያና ከገለጉ ድረስ በዚህ ሐሩር የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ይህን ዜና ሕይወት ጽፎ እንዲያነብ ወይዘሮ ዙፋን የመረጡት የባለቤታቸውን የመሥሪያ ቤት ኃላፊና አበልጃቸውን ባየልኝን ነው። ሲመርጡት ግን የማያውቁት ነገር ነበር።

አቶ ቸሩ ከአባታቸው ከአቶ ማስተዋል ባህሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰበች በ1968 ዓ.ም. በደንቢያ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ቆላድባ ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በትጋት የተማሩ ሲሆን፣ ክረምት ክረምት ከአገራቸው ልጆች ጋር ወደ መተማ እየወረዱ ሰሊጥ በማረም የደብተርና የልብሳቸውን ይችሉ ነበር። ከነዚያ ክረምቶች በአንዱ ቀኝ እግራቸውን የወጋቸው የግራር እሾህ ተነቅሎ ወጣ ቢባልም፣ ቁስሉ አንዴ እየደረቀ አንዴ እያመረቀዘ ዕድሜ ልካቸውን አልተለያቸውም።

በ1992 ዓ.ም. በመተማ ዮሐንስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጥረው፣ አንድ ፋይል እንኳ ጠፋባቸው ሳይባሉ ሃያ አምስት ዓመት አገለገሉ። በ1995 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዙፋን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ጥሩአየሁንና ለይኩንን አፈሩ፤ ለይኩንን ክርስትና ያነሣውም ባየልኝ ነው።

አቶ ቸሩ ቢሮ የሚገቡት ሁልጊዜ በተተኮሰ ሱፍና ከቁርጭምጭሚት በላይ በሚወጣ ጥቁር ቡት ጫማ ነበር። ዶሮ አፏን ከፍታ በምትውልበት በመጋቢት ሙቀት ለምን እንደሚያደርጉት ሲጠየቁ፣ እግራቸው ደገኛ ስለሆነ ቆላውን እስኪለምድ እየጠበቁት መሆኑን ተናግረው ያስቁ ነበር። በሱፉ ሥር ያበጠውን እግር የሚያውቁት ባለቤታቸውና፣ ቡቱን ከድንበር ማዶ ከሱዳኗ ገላባት አምጥተው ውስጡን በስፖንጅ ያስደለደሉላቸው ባለሱቁ ሐጂ ሷሊህ ብቻ ነበሩ። እኛ የእግር በሽተኛን ከማዕድ እንደምናርቅ እናውቃለንና፣ ስለ መደበቃቸው ማንም አይፍረድባቸው።

ባለፈው ጥቅምት ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ በተባለ ጊዜ፣ ባየልኝ የቢሮውን መጋረጃ አስለውጦ ሲያበቃ ዓይኑ በዚያ ጫማ ላይ አረፈ። በስብሰባ መካከልም በሱፍ ላይ ቡት የሚያደርግ የጥበቃ ሠራተኛ ነው ብሎ ሰውን አሳቀ፤ አቶ ቸሩም አብረው ሳቁ። ወሬውን የሰሙት ሐጂ ሷሊህ ሱቃቸውን ዘግተው ቢሮ ድረስ መጥተው፣ እንደ ዐረብኛው አጠራር «ያ ባየልኝ፣ ጫማውን ተውለት፤ ሰውየው የሚያደርገውን ያውቃል» ቢሉት፣ ነጋዴ መቼም ለሸቀጡ ይከራከራል ብሎ ናቃቸው። ሐጂ ሷሊህ ግን የመጡት ለሰው ነበር።

በማግስቱ ባየልኝ ከሱፍ ጋር ቡት ማድረግ የቢሮ ሥነ ሥርዓትን የሚጻረር መሆኑን ገልጾ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፈረመ። ለወጪ ደብዳቤ ቁጥር የሚሰጡት አቶ ቸሩ ራሳቸው ነበሩና፣ የገዛ ማስጠንቀቂያቸውን ቁጥር ሰጥተው፣ ማኅተም መትተው፣ ግልባጩን ከግል ማኅደራቸው አያይዘው፣ ከዚያን ቀን ወዲያ በአጭር ጫማ ገቡ። እንግዶቹ ሳይመጡ ቀሩ። ደብዳቤው ግን እንደጸና ቆየ፤ ባየልኝ ፈጽሞ ረስቶት ነበር።

ለባለቤታቸው ቡቱ አረጀ ብለው የነገሯቸው አቶ ቸሩ፣ ጠንካራው የጫማ አፍ ቁስላቸውን ሲፈገፍገው ለስድስት ወር ያህል አንድ ቀን ሳይቀሩ ሠሩ። በሚያዝያ ጎንደር ተወስደው እግራቸው ከጉልበት በታች ቢቆረጥም፣ ምርቀዛው ወደ ደማቸው ዘልቆ ነበርና ሐኪሞች ያደረጉት ጥረት አልሰመረም። ቡቱን ሳያረጅ ከቤት ተደብቆ ያገኙት ወይዘሮ ዙፋን፣ ያስወለቃቸው ማን እንደሆነ በአልጋው አጠገብ ሲጠይቁ፣ አቶ ቸሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የእግራቸውን መቆረጥ ሰምቶ ያን ደብዳቤ ያስታወሰውና ይቅርታ ለመለመን ቆርጦ ከመተማ የሄደው ባየልኝም ስለ መንገዱ አቧራ አውርቶ፣ የያዘውን ብርቱካን አስቀምጦ ተመለሰ። አቶ ቸሩ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ ዙፋን፣ ያስወለቃቸው ይህን የሚያነበው አበልጅዎ ነው። እርሳቸው እስከ መጨረሻው ስሙን ሸሸጉለት፤ እርሱም በሟች ዝምታ ተከልሎ ዛሬ ሊወደስ አልቻለም።

አቶ ቸሩ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዙፋንን፣ እናታቸውን ወይዘሮ አሰበችን፣ ልጆቻቸውን ጥሩአየሁንና ለይኩንን ትተው አልፈዋል። አምላክ የትሑት አገልጋዩን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያኑርልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ያድልልን።

አንባቢው ወረቀቱን አጥፎ እዚሁ ይቆማል። ወይዘሮ ዙፋን ወደ መቃብሩ ይከተል ካሉ ይከተላል፤ ተመለስ ካሉት ከዚህ ይመለሳል።