ሞፈር ያልተባለው ጠመንጃ

ከመቱ ጎሬ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ጎረቤታቸው ያወራሉ።

«እትዬ አስካለ የሟች ባላቸውን ጠመንጃ ዳሪሙ ላለው ወንድሙ ላኩለት።»

«በምን?»

«በዕቃ መላኪያ ነዋ!»

«ኧረ! ማን ይቀበላቸዋል?»

«ሰው ሁሉ ‹ጠቅልለው ሞፈር ነው ይበሉ› ብሏቸው ነበር።»

«እሺ አሉ?»

«እምቢ! ‹ባሌ በፈቃድ የያዘውን እንደ ሌባ ዕቃ አልሸሽግም› ብለው ሦስት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ተመላለሱ። ፈቃዱ ወደ ወንድምየው ዞረ፣ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ጥይቱም ለብቻ ታሸገ።»

«ከዚያስ?»

«ዕቃ ተቀባዩ ‹ምንድነው?› ሲላቸው፣ ጮክ ብለው ‹ጠመንጃ!› አሉት። ደብዳቤውን አየና ተነስቶ በሁለት እጁ ተቀበላቸው።»

«ኢሾ! እሳቸውስ ሴት ናቸው!»

የጭነት ሒሳብ እንዳይጨምርብኝ ለረዳቱ «በቆሎ ነው» ብዬ ጣሪያ ላይ ያስጫንኩት የያዮ ማር ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።