አበዳሪዬ ቀጠሩኝ

ከሸሕዲ ወደ መተማ በሚኒባስ ስንሄድ ከፊቴ የተቀመጠው ጎረምሳ፣ «በዚህ ቆላ እንደ እኔ የሚፈለግ የትራክተር ሹፌር የለም፤ ሁለት ሰው ሥራልኝ እያለ ይለምነኛል» አለ።

«እነማን ናቸው?» አሉት አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ።

«አንዱ አብደራፊ ያለ ባለእርሻ ነው፤ ደህና ይከፍላል። ሌላው ገንዘብ ያበደሩኝ ሐጂ ናቸው፤ ዕዳዬን ከደመወዜ እየቆረጡ ሊያሠሩኝ ነው።»

«ታዲያ የፈለገህ ዕዳህ ነዋ!»

«ይሁን። ለሐጂ እሺ አልኩ።»

«ባነሰ ደመወዝ?»

«አብደራፊ ሄጄ ወባ ቢይዘኝ ባለእርሻው በማግስቱ ሌላ ሰው ይቀጥራል። ሐጂ ግን ዕዳዬን ሳልጨርስ እንድሞት አይፈቅዱም፤ ትናንት ባስነጥስ አዝለው ሐኪም ቤት አደረሱኝ!»

«እንዲህ ከሆነስ እንኳን ተበደርክ!»

«ዕዳ ከገባሁ ወዲህ እንቅልፍ የተኛሁት ገና ትናንት ማታ ነው፣ ጋሼ።»

እኔም አበዳሪዬ እንዳያየኝ ብዬ በዚያ ሙቀት ፊቴን የጠቀለልኩበትን ፎጣ ቀስ ብዬ ፈታሁት።