አረፋውን እይ

የብስክሌቴ ጎማ ባይተነፍስ ኖሮ ያን ክርክር አልሰማም ነበር። ሰፈሩ «አይበገሬ» የሚለው ጎሚስታ ከእህቱ ልጅ ጋር ተፋጥጧል፤ እሷ የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ልመለስ ስል ጠራኝ።

«ግባ መምህር። ቫይረሱ በደሜ አለ፤ የሰረቅሁት ነገር ስለሌለ አልሾካሾክም። አንተው ፍረደን። መድኃኒት ጀምር ትለኛለች። እኔ ደግሞ ጉንፋን እንኳ አያውቀኝም። ሲዲ ፎርህ ደህና ነው ያለችኝም ራሷ ናት።»

«ብያለሁ አጎቴ። ሲዲ ፎር ዛሬ ያለዎትን የመከላከል አቅም ነው የሚያሳየው። በደምዎ ያለው የቫይረስ መጠን ግን በጣም ከፍ ብሏል። እሱ ደግሞ ያለ መድኃኒት አቅምዎ ምን ያህል ቶሎ እንደሚወርድ ይጠቁማል።»

«ጠንቋይ ሆንሽ?»

«ቀኑን ቆርጬ አልነግርዎትም፤ ከሰው ሰው ይለያያል። መጠኑ ሲበዛ ግን ቶሎ ያዳክማል።»

«ስታመም እንነጋገራለን።»

ግትርነቱን እወድለታለሁ። ሰፈሩ ሲያማው አንድ ቀን እንኳ ሱቁን ዘግቶ አልዋለም። አሁን ግን ያ ጀግንነት ለጠላቱ ለቫይረሱ እየሠራ ነበር፤ ተናደድሁ።

በዚህ መሃል አንድ ሹፌር ጎማ እያንከባለለ ገባ። «ብዙም አልጎደለም፤ ንፋስ ጨምርበትና ልሂድ። ሩቅ መንገድ አለብኝ።»

አይበገሬ ጎማውን ውኃው ውስጥ ነከረው። አረፋው ተግተልትሎ ወጣ።

«ሙሉነቱን ምን ታያለህ፤ አረፋውን እይ እንጂ። እንዲህ እየተነፈሰ መንገድ ላይ ነው የሚጥልህ። ሳይለጠፍ አይወጣም።»

የእህቱ ልጅ እጆቿን አጣምራ አየችው።

«ምን ታይኛለሽ?»

«አረፋውን ነው የማየው፣ አጎቴ።»

ጎማውን ለጥፎ ሹፌሩን ሸኘና ወደ እሷ ዞረ።

«ያንቺስ መድኃኒት ይለጥፈዋል?»

«ቫይረሱን ጨርሶ አያጠፋውም፤ እንዳይራባ ግን ያፍነዋል። በየቀኑ ሳያቋርጡ ከወሰዱ መጠኑ በምርመራ እስከማይታይ ይወርዳል። አቅምዎ ይጠበቃል። እንደዚያ ከቆየም በግንኙነት ወደ ባለቤትዎ አይተላለፍም። መጠኑ ትንሽ ቢሆን እንኳ ይጀምሩ ነበር የምልዎት።»

«ለሰፈሩ አፍ ያልተንበረከክሁ ለቫይረሱ ልንበረከክለት ነው እንዴ?» ብሎ እጁን ጠረገ።

ያ ሁሉ ሐሜት ያላዘጋው ሱቅ በቀትር ተዘጋ። ጎረቤቶቹ ወዴት ነው ሲሉት፣ «መድኃኒት ልጀምር» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

«የኔስ ጎማ?» አልሁት።

«ያንተ ቆሞ ይጠብቃል መምህር። እኔ መንገድ ላይ ነኝ።»

ብስክሌቴን እየገፋሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ ደስ ብሎኝ።