ቃሂራ ሰፈር፣ ሞተሩ ሳይጠፋ በተዘጋ በር ውስጥ ስለቆመው መኪና

የምስክሯ ስም፦ ሀዋዬ ሰይድ እንድሪስ
ዕድሜ፦ 41
ዜግነት፦ ኢትዮጵያዊት፣ ትውልዷ ወሎ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያላት
ሥራ፦ ዐባያ ሰፊ
አድራሻ፦ ኤደን፣ ሼክ ዑስማን፣ ቃሂራ ሰፈር
ቀን፦ ሐሙስ፣ ጁላይ 17 ቀን 2025
ቃል ተቀባይ፦ መርማሪ ዋኤል
አስተርጓሚና ጸሐፊ፦ ነቢዩ

ጎረቤቴ ኑሃ በመኪና ጭስ እንዴት እንደታፈነችና በዚሁ ጉዳይ ስለተያዘው ኢትዮጵያዊ ቢሊሱማ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ተናግሬያለሁ።

ኤደን የገባሁት በቤት ሠራተኝነት ነው። አሁን የራሴ የስፌት ቤት አለኝ። የምኖረውም የምሰፋውም ፎቁ ላይ ሲሆን ከሥሩ የመኪና ማደሪያ አለ። ማደሪያው ወደ መንገድ የሚከፈት የብረት በር አለው፤ በሩ የሚቆለፈው ከውስጥ ባለው መቀርቀሪያ ብቻ ነው። ከቤቴ ወደ ማደሪያው የሚያወርድ የውስጥ ደረጃም አለ።

መኪናውን የገዛሁት ከረመዳን በፊት አዲሱን ነው። ትንሽ ሆኖ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በቤንዚንም በባትሪም የሚሠራ ሃይብሪድ ነው። በመኪናው ደስተኛ ነበርኩ። ቤንዚን አይፈጅም፣ የቢር ፈድል ሰፈርን አሸዋ አይፈራም፣ ሲነሳም ድምፅ የለውም። መጀመሪያ ሰሞን የጠፋ እየመሰለኝ ማስነሻውን ደጋግሜ እጫን ነበር። የሸጠልኝ ሰው፣ “ቆሞ ሳለ በባትሪው ይሠራል፤ ባትሪው ሲደክም ሞተሩ ራሱ ተነስቶ ይሞላዋል፤ አንቺ አትንኪው” ብሎኛል። ስለ ጭስም ሆነ ስለ በር የነገረኝ የለም። መብራት በጠፋ ቁጥር የብረቱን በር ከፍቼ፣ መኪናው ውስጥ ማቀዝቀዣውን አብርቼ ጥልፌን እሠራ ነበር። ሰፈርተኛውም ማቀዝቀዣ ለማለት “የሀዋዬ ሙከየፍ” እያለ ይቀልድ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት መብራት ከንጋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ኑሃ መጣች። ኑሃ ከጎኔ ያለው ቤት ነዋሪ ስትሆን የመውለጃዋ ወር ተቃርቦ ነበር፤ ባሏ ሳሊሕ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ በዕለቱ ባሕር ላይ ነበር። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባላትም። “ኡኽቲ፣ እህቴ ሀዋዬ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው፤ ሙከየፍሽ ውስጥ ትንሽ ልጋደም” አለችኝ። “ቤትሽ ነው” አልኳት። መኪናውን አስነስቼ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛሁላት፤ ቁልፉንም እዚያው ተውኩላት። እኔ ስወጣ የብረቱ በር ክፍት ነበር። ክፍቱን ይቆይ ብዬ ግን አልነገርኳትም፤ መዝጋቱ ጉዳት እንዳለው አላውቅም ነበርና።

ፎቅ ላይ ረምዚያ የምትባል ሙሽራ ልብሷን ልትለካ መጥታ ጠበቀችኝ። እሷን ለክቼ ከሸኘኋት በኋላ ወደ መኪናዬ ሳይሆን ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ከእግሬ ሥር ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪውን እየሞላ ነው ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ። ቆየት ብዬ ሻይ ልውሰድላት ብዬ በደረጃው ላይ ሆኜ ብጣራ መልስ የለም። ስልኳ ላይ ብደውል ከታች ሲጮህ ይሰማኛል፣ የሚያነሳው የለም።

ስወርድ ማደሪያው ጨለማ ነበር፤ የብረቱ በር ተዘግቶ ተቀርቅሯል። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ ራሴን ወጋኝ። መቀርቀሪያውን ስቤ በሩን በረገድኩትና “የሰው ያለህ!” ብዬ ጮህኩ። የመኪናው በሮች ከውስጥ ተቆልፈዋል። ኑሃ መሸፈኛዋን አውልቃ ተጋድማለች፤ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል። መስኮቱን ብደበድብ አልነቃችም።

በዚህ ጊዜ ቢሊሱማ ደረሰ። ቢሊሱማ ከመንገዱ ማዶ በሚሠራው ቤት አሸዋ የሚያመላልስ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰላምታ እንጂ ሌላ አልነበረንም። በያዘው አካፋ የኋላውን መስኮት ሰብሮ በሩን ከፈተ። ተሸክመን መንገድ ላይ አወጣናት። ትተነፍሳለች፣ ግን አትሰማም። በአካባቢው ነዳጅ ያለው ሌላ መኪና ስላልነበረ በዚያው መኪና፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተን ልንወስዳት ተስማማን። እኔ ነዳሁ። ቢሊሱማን፣ “ኬላ አለ፤ ወረቀት ከሌለህ ቅር፣ ቢር አሕመድ እስር ቤት ያስገቡሃል” አልኩት። “እትዬ፣ ራሷን ማን ይይዝላታል? ንጂው” አለኝ። እስከ ሆስፒታል ድረስ ራሷን ጭኑ ላይ ይዞ አየር እንድታገኝ ወደ መስኮቱ አዙሮ አደረሳት።

ሐኪሞቹ ወዲያው በቀዶ ጥገና አዋለዷት። የኑሃ ወንድም ሙንተሰር በር ተዘግቶባት መገኘቷን ሰምቶ ሲደርስ ቢሊሱማን ኮሪደር ላይ አገኘው። ልብሱ ላይ የእህቱን የአንገት ልብስ ክር አይቶ፣ “አንተ ነህ ዘግተህባት ልትዘርፋት የነበረው” ብሎ አንገቱን ያዘው። እኔ በመሐል ገብቼ ብናገርም የሰማኝ የለም። ፖሊስ ወሰደው።

በሩን ማን እንደዘጋው ተጠይቄ፣ ሲዘጋ አላየሁም ብያለሁ። ሆኖም መቀርቀሪያውን ከውስጥ ስቤ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ቢሊሱማ የገባው ከመንገድ፣ እኔ ከከፈትኩ በኋላ ነው። ውጭ ያለ ሰው ከውስጥ አይቀረቅርም።

ትናንት ረቡዕ ኑሃ ነቃች። ወንድሟ ባለበት በሩን ማን እንደዘጋው ጠየቅኳት። “እኔ ነኝ። አላፊ አግዳሚው ያየኝ ነበር፤ መሸፈኛዬን ላውልቅ ብዬ ነው” አለች። ሙንተሰር ይህን በጆሮው ሰምቶ ወጣ። ሕፃኗ ሴት ናት፤ በሆስፒታሉ ጄኔሬተር በሚሠራ የማሞቂያ መስታወት ሣጥን ውስጥ ትገኛለች፣ አልሐምዱሊላህ ትተነፍሳለች።

በማንም ላይ ክስ የለኝም። የምጠይቀው ቢሊሱማ እንዲለቀቅ ነው። ደግሞም ይጻፍልኝ፦ ያን ዕለት ሰው እየሞተ፣ እሱ አዲሱን መኪና በሲሚንቶ አላቆሽሽም ብሎ ነጠላ ጫማውን ደጄ ላይ አውልቆ ነው መኪናው ውስጥ የገባው። እስካሁን በባዶ እግሩ ነው። ጫማውን ይዤለት መጥቻለሁ፤ ይኸው በፌስታል አለ፣ ይሰጠው።

ከላይ የሰፈረው ቃል በምሰማው ቋንቋ ተነቦልኝ፣ የተናገርኩት እንጂ የተጨመረበትም የተቀነሰበትም እንደሌለ አረጋግጬ፣ በአላህ ፊትም በሕግ ፊትም እውነት ለመሆኑ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሀዋዬ ሰይድ
የአስተርጓሚው ፊርማ፦ ነቢዩ
የመርማሪው ፊርማ፦ ዋኤል

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ተረክቤ ለተያዘው ሰጥቻለሁ። መርማሪ ዋኤል።